ግሱ ሳይመጣ አትታጠፊ

«ትርንጎ፣ መንጃ ፈቃድ የሚያስፈልገው ለእግርሽ ሳይሆን ለጆሮሽ ነው።»

ይህን ፊት ለፊቴ ያሉኝ የመኪና አስተማሪዬ አያ ዋሴ ናቸው። ያሉኝም የመኪናችን የፊት ጎማ የዳቦ ቤት ደጃፍ ላይ ተሰቅሎ፣ ጋጋሪው ትሪ እንደያዘ አፉን ከፍቶ እያየን ነው። አሁን እዚህ፣ እስራኤል አገር አሽዶድ ከተማ ውስጥ የሉም። አልሞቱም። ስለማይረሳ ሰው የሚጽፍ ሁሉ ከሬሳ ይጀምራል፤ እኔ የምነግራችሁ ሰውዬ ግን ሰሜን፣ ልጃቸው ዘንድ፣ ዓሣ እየበሉ ጎረቤቱን በረጃጅም ዐረፍተ ነገር እያሰቃዩ ነው። ደህና ናቸው። የጠፉት ከዚህ ብቻ ነው። ሰፈራችን ሮቫ አሌፍ ውስጥ ጣሪያዋ ላይ የተማሪ ምልክት የተለጠፈባት ነጭ መኪና እየተንቀራፈፈች ስታልፍ ባየሁ ቁጥር አንገቴን አስግጌ አያለሁ። የሌላ አስተማሪ ናት።

ወደ እሳቸው የሄድኩት ወድጄ አይደለም። በአማርኛ ስለሚያስተምሩ በሰፈራችን «የእናቶች አስተማሪ» ነበር የሚባሉት። እኔ በዘጠኝ ዓመቴ ከጎንደር መጥቼ፣ እዚህ ተምሬ፣ ውትድርናዬን ጨርሼ፣ ዕብራይስጡን እንደ ውሃ የምጠጣ ሰው፣ ከእናቶች ጋር ምን አገናኘኝ አልኩና ሌላ አስተማሪ ዘንድ ገባሁ። ከዚያ የመንጃ ፈቃዱን ፈተና፣ ቴስቱን፣ ደጋግሜ ወደቅሁ። ሁልጊዜ የምወድቀው ደግሞ በአንድ ነገር ነው። ፈታኙ በዕብራይስጥ «ታጠፊ ወደ ቀኝ» ሲል እታጠፋለሁ። እሱ ገና «ከአውቶቡስ ማቆሚያው በኋላ» ሊል አፉን እያዘጋጀ ነው። አንዴ ክሊኒክ ፓርኪንግ ውስጥ ይዤው ገባሁ። አንዴ የቆሻሻ መኪኖች የሚያድሩበት ግቢ ውስጥ ይዤው ገባሁ፤ ዘበኛው በሩን ዘግቶብን መክፈቻውን ፍለጋ ሄደ። አስተማሪዬ «ስትረጋጊ ተመለሺ» አለኝ። ስረጋጋ! እናቴ ሃያ አምስት ዓመት ጠብቃ ያላየችውን ቀን።

መኪና የፈለግኩት ደግሞ ለሽርሽር አይደለም። አድ ሃሎም የሚባል አካባቢ፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን አሽግ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ካርቶን፣ ቴፕ፣ ካርቶን፣ ቴፕ። አለቃችን ቦሪያ አንድ ቫን ነበረችው፤ ሹፌሯ ሥራ ሊለቅ ነው። እኔ እነዳታለሁ አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ እስከ ፔሳሕ በዓል መንጃ ፈቃድ ካመጣሽ ያንቺ ናት፣ ካላመጣሽ ለሌላ እሰጣታለሁ አለኝ። እኔ ደግሞ ከዚያ መጋዘን ለመውጣት በቫን ቀርቶ በዝሆን ጀርባም እወጣ ነበር። እናቴ እጄን ይዛ አያ ዋሴ ደጃፍ አደረሰችኝ።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮታቸውን በበጋም የማያወልቁ ሰው ናቸው። በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ዓመት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከተጫኑት መጤዎች አንዱ ናቸው፤ ድሮ ጎንደር አካባቢ የጭነት መኪና ነድተዋል። የመጀመሪያው ቀን መሪውን አስይዘውኝ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው ጀመሩ።

«ከዚያ ዳቦ ቤት ቀጥሎ…»

ዳቦ ቤት የሚል ሰማሁ። ዳቦ ቤቱን አየሁ። ወደ ዳቦ ቤቱ ታጠፍኩ።

መኪናዋ የእግረኛውን መንገድ ወጥታ ቆመች። እኔ ጮኼያለሁ፣ ጋጋሪው ጮኋል። አያ ዋሴ ፍሬኑን በእሳቸው በኩል ረግጠው፣ ኮታቸውን አስተካክለው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ካቆሙበት ቀጠሉ።

«…ካለው መድኃኒት ቤት ማዶ ባለችው፣ ዛፍ በበዛባት ጠባብ መንገድ ወደ ቀኝ ታጠፊ።»

ከዚያ ነው ስለ ጆሮዬ የነገሩኝ። ወርደውም ከጋጋሪው ሁለት ዳቦ ገዙ፤ ሰውን አስደንግጦ ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነው ብለው።

እንግዲህ የአያ ዋሴ እብደት ይህ ነው። ዐረፍተ ነገር ከጀመሩ መኪና ቢቃጠልም አያቋርጡም። በአማርኛ ደግሞ ምን እንድታደርጊ እንደተፈለገ የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው። ዳቦ ቤቱ ይመጣል፣ መድኃኒት ቤቱ ይመጣል፣ ዛፉ ይመጣል፤ ታጠፊ ይሁን፣ ቁሚ ይሁን፣ እለፊ ይሁን የመጨረሻዋ ቃል እስክትመጣ የሚያውቅ የለም። ሌላ ሰው ቢሆን «ቀኝ» ብሎ ይገላገል ነበር። እሳቸው ግን መፍትሔያቸው ሌላ ነው፤ ቀደም ብለው ይጀምራሉ። ከተማውን በሙሉ በዐረፍተ ነገር ለክተውታል። ከሮቫ አሌፍ እስከ ሃኪርያ ሰፈር ስንት ነው ብትሏቸው፣ ሁለት ረጃጅምና አንድ አጭር ይሏችኋል፤ መብራት ከያዘን አንድ «ምንም እንኳ» ይጨመርበታል። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ግሱም ይደርሳል። ሰዓት እንደሚሞሉ ሰዎች ነበሩ።

አንድ ቀን ብቻ ስሌታቸው ከሸፈ። አደባባይ ገብተን ነበር፤ በየትኛው መንገድ እንደምወጣ ሊነግሩኝ ጀመሩ፤ መንገዱ ላይ የሚኖር ሰው ትዝ አላቸው፤ የሰውዬው ሚስት ከማን ወገን እንደሆነች ገባ፤ የሚስቲቱ ወንድም ከእሳቸው ጋር የነዳው መኪና ገባ። እኔ እዞራለሁ። አንዲት ሩሲያዊት ሴትዮ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ መጀመሪያ አየችን፣ ሲደጋገም ሳቀች፣ በኋላ ባለፍን ቁጥር እጇን ታውለበልብልን ጀመር። እኔም እንደ ንግሥት አጸፋውን መመለስ ጀመርኩ። «…ውጪ» ሲሉኝ ራሴ ዞሮ መንገዱ የትኛው እንደሆነ ጠፍቶኝ ነበር። እንደገና አንድ ዙር ዞርን፤ ሴትዮዋ ተነሥታ አጨበጨበች።

ነገሩን ሁሉ ያመጣችባቸው አንዲት ተማሪያቸው ናት። ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ጥናት የምትማር ልጅ ነበረች አሉ። እሷ ማርሽ ስትማር እሳቸው ከእሷ የዐረፍተ ነገር ዛፍ መሳል ተማሩ። ልጅቷ መንጃ ፈቃዷን ይዛ ሄደች፣ ዛፉ እሳቸው ላይ ቀረ። የመኪናዋን የፊት መስታወት ከውስጥ አያስጠርጉም ነበር፤ አቧራው ላይ በጣታቸው ዛፍ ይስሉበታል። መብራት በያዘን ቁጥር ትምህርት አለ።

«‹የአጎቴ ልጅ ቀይ መኪና› ስትይ ስለ ምንድን ነው የምታወሪው?»

«ስለ መኪና።»

«መኪናዋ የት ቆመች?»

«መጨረሻ።»

ራሱ እሱ ነው ይሉኛል፤ የሐረጉ ራስ፣ ግንዱ። በአማርኛ ቅርንጫፎቹ ሁሉ ቀድመው ይወጣሉ፤ አጎትየው ይመጣል፣ ልጁ ይመጣል፣ ቀለሙ ይመጣል፣ ባለጉዳይ ሁሉ ከተሰለፈ በኋላ መኪናዋ በክብር ትገባለች። በዕብራይስጥ ግን መኪናዋ አስቀድማ መጥታ ቆማለች፤ «መኪናዋ፣ ቀይዋ፣ የልጁ፣ የአጎቴ» እየተባለ ቅርንጫፉ ሁሉ ከኋላዋ ይንጠለጠላል። የአንዱ ዛፍ ወደ አንድ በኩል፣ የሌላው ወደ ሌላ በኩል ያዘነብላል። ባሕሩ ዳር ስንደርስ ደግሞ መኪናዋን ያስቆሙኝና ነፋስ ወደ አንድ ጎን የደፋቸውን ዛፎች ያሳዩኛል። ማንም ዛፍ ጠማማ አይደለም፣ ነፋሱን እወቂ ይሉኛል። ከኋላችን ሰው ሁሉ ክላክስ ያስጮኻል።

ዓለምን በሙሉ በዚያ ከፋፍለውት ነበር። ሞተራቸው ከኋላ የሆነ የድሮ ትንንሽ መኪኖች አማርኛ ናቸው። አውቶቡስ ነጂው፣ ጉዳዩን ገና ሳይጀምር የሚቆጣው፣ ዕብራይስጥ ነው። ሙክት ታርዶላቸው፣ በልተው፣ ጠጥተው፣ ልጅህን ለልጃችን ብለው መጨረሻ የሚናገሩ ሽማግሎች አማርኛ ናቸው። ውሻ ዕብራይስጥ ነው፤ አፍንጫው ይቀድመዋል። ድመቷስ አልኳቸው። ድመት ራሷ የት እንደሆነ ስለማይታወቅ አልመደቧትም።

አንድ ቀን ያዝኳቸው። ቀኑን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ሳስበው ነው የዋልኩት። «አያ ዋሴ፣ ‹ከቤት› ስንል ‹ከ› ፊት አይደለም እንዴ ያለችው? አማርኛ ግንዱን ከኋላ ነው የሚያደርገው ካሉ እሷ ምን ትሠራለች እዚያ?»

ዝም አሉ። ከመብራቱ እስከ ባሕሩ ዝም አሉ። እሳቸውን ዝም ያሰኘሁ የመጀመሪያዋ ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም፣ መሪውን በአንድ እጅ ይዤ ነበር። ባሕሩ ዳር ሲደርሱ አፋቸውን ከፈቱ።

«‹ከጠረጴዛው በታች› ስትይ ‹ከ› ፊት አለች፣ ‹በታች› ኋላ አለ። የሀብታም ቤት ዘበኛ ፊትም ኋላም ይቆማል። መሪውን በሁለት እጅሽ ያዢ።»

ስለ እኔ የሰጡት ፍርድ ግን ቀልድ አልነበረበትም። ችግርሽ መንዳት አይደለም አሉኝ። ዕብራይስጡ ግሱን አስቀድሞ ያሳይሻል፣ «ታጠፊ» ይልሻል፤ አንቺ ራሱን እንዳየሽ ትሮጫለሽ፣ ጭራው ገና እየመጣ ነው። አማርኛው ግን ምንም ስለማይሰጥሽ መጠበቅ ግዴታሽ ነው። መድኃኒትሽ እሱ ነው፤ ግሱ ሳይመጣ አትታጠፊ። አማርኛ እየሰማሽ መጠበቅ ከለመድሽ፣ ዕብራይስጡም ሲመጣ ትጠብቂያለሽ።

እኔ በበኩሌ በሕይወቴ ሰው ተናግሮ ሲጨርስ ሰምቼ አላውቅም። ጨርሼለት ነው የምሄደው። በተለይ እናቴን። አንድ ማታ ከትምህርቱ ስገባ እናቴ ጀመረች። «አንቺን እኮ፣ እዚያ መጋዘን ከወንድ እኩል ካርቶን ተሸክመሽ ውለሽ፣ ማታ ደግሞ ሳታርፊ፣ ሳትበዪ፣ ከአንድ ሽማግሌ ጋር በመኪና ስትንከራተቺ ሳይሽ…» እዚህ ላይ ድሮ በሩን በድም አድርጌ ዘግቼ ክፍሌ ነኝ። የዚያን ቀን ግን እጄ በሩ እጀታ ላይ ቀረ። ግሱ አልመጣም።

«…እኮራለሁ» አለች።

ቆሜ ቀረሁ። እሷም ግራ ገባት፤ አሞሻል እንዴ፣ ምነው አልሄድሽም አለችኝ።

ፔሳሕ እየቀረበ መጣ። በመሐሉ የአያ ዋሴ ዓይን ደከመ። ሐኪሙ ከአሁን በኋላ ማስተማር ይብቃዎት አላቸው፤ ልጃቸው ከሰሜን በየቀኑ ትደውላለች። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ስለሚያወሩ ሁሉንም እሰማለሁ፤ ክፍሉ ተዘጋጅቷል፣ አልጋው ተነጥፏል፣ ዛሬ ነገ አይበሉ ትላቸዋለች። ተማሪዎቻቸውን ሁሉ ለሌላ አስተማሪ ሰጥተው እኔ ብቻ ቀርቼ ነበር። እሷንም ለሌላ ስጧት ስትላቸው አንድ ቀን «አንድ ያልጨረስኩት ዐረፍተ ነገር አለኝ» አሏት። እኔ መሪው ላይ ዓይኔን ተክዬ ያልሰማሁ መሰልኩ። ካለፍኩ ቫኗ የእኔ ናት፣ እሳቸውም ይሄዳሉ። ከወደቅሁ ካርቶንና ቴፕ፤ እሳቸውም እዚህ ዓይናቸውን እያሹ ልጃቸውን እያስጨነቁ ይቀመጣሉ። ሁለታችንም በአንድ ገመድ ታስረን ነበር።

የቴስቱ ቀን ፈታኙ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ከረሜላ የሚያላምጥ ሰው ሆኖ ተገኘ። አያ ዋሴ ከውጭ ቆመው በመስኮቱ ጣታቸውን አንዴ ብቻ ወደ ላይ አነሡልኝ። ጠብቂ ማለታቸው ነው።

ደህና ስንሄድ ቆየን። ከዚያ አንድ መብራት ልናልፍ ስንል ፈታኙ «ታጠፊ ወደ ግራ» አለ።

እግሬ ሄደ። እጄ ወደ ፍሬቻው ሄደ። በስተግራዬ መንገድ አለ፣ ባዶ ነው፣ ና ና እያለ ይጠራኛል። ጠበቅሁ። ጭራው አልመጣም። ዞር ብዬ ሳይ የሰውዬው ፊት ቀልቷል፤ ከረሜላው አንቆት ይስላል። ይስላል፣ ይስላል፤ እኔ ደግሞ ቀጥ ብዬ እነዳለሁ። የመጀመሪያው ግራ አለፈ። ሁለተኛው ግራ አለፈ። ወደ ወደቡ አቅጣጫ እየሄድን ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። በመጨረሻ ሰውዬው ሳይሞትብኝ ብዬ ፍሬቻ አሳይቼ፣ ስፖኪዮ አይቼ፣ ዳር ይዤ አቆምኩና ውሃዬን ሰጠሁት። ጠጣ። መነጽሩን አውልቆ እንባውን ጠረገ።

«ለምን አልታጠፍሽም?»

«ንግግርህን አልጨረስክም።»

አየኝ። ወደ ኋላ ዞሮ ያለፍነውን መንገድ አየ። የመጀመሪያው ግራ መግባት የተከለከለበት መንገድ ነበር፤ እሱ ሊል የነበረው «ታጠፊ ወደ ግራ፣ ከነዳጅ ማደያው ቀጥሎ» ነው። ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ምን እንደጻፈ አይታይም፤ ውጤቱ በስልክ ነው የሚመጣው።

አያ ዋሴን ይዤ ባሕሩ ዳር፣ እነዚያ ጎባጣ ዛፎች ሥር ተቀመጥን። ውጤቱን አልጠየቁኝም። ይልቅ ስለ አጎታቸው በቅሎ ጀመሩ። ያቺ በቅሎ፣ ከገበያ ሲመለሱ፣ ወንዙ ሞልቶ፣ አጎትየው በጀርባዋ ላይ ተኝቶ…

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ።

እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። አያ ዋሴ አዩኝ። ጣታቸው ተነሣ። እኔም እጄን መልሼ ጉልበቴ ላይ አደረግኩ። ሰው በዚህ ዓለም ላይ እንደዚያ ተሠቃይቶ አያውቅም። እሳቸውም ያውቃሉ፤ ከዓይናቸው ሥር ሳቅ እየፈላ ነው። በቅሎዋ ቀለም ተጨመረላት። እናቷን ማን እንደሸጣት ገባ። ወንዙ ከየት እንደሚነሣ፣ አጎትየው ያን ቀን ምን እንደጠጣ፣ ያጠጣችው ሴት ጥርሷ እንዴት ፍንጭት እንደነበር ገባ። ከንፈሬን ነክሼ፣ እግሬ አሸዋውን እየቆፈረ፣ ያቺን በቅሎ ሰጠመች፣ ተሻገረች፣ ሞተች እያልኩ በሆዴ ሁሉንም ሞከርኩ፤ በአፌ ግን አልጨረስኩላቸውም።

«…ወንዙ መሐል ስትደርስ፣ አነጠሰች።»

በሳቅ ወደቅሁ። በሳቅ ወድቄ ነው ስልኩን ያወጣሁት። አልፌያለሁ። ብድግ ብዬ ጮኽኩ፣ ዛፉን ዞርኩት፣ ኮታቸውን ጨምድጄ ሳምኳቸው። አያ ዋሴ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ አርቀው፣ እንደገና አስጠግተው አዩት። ከዚያ ኮታቸውን አስተካክለው፣ እንግዲህ ሻንጣዬን ላዘጋጅ አሉ።

ቦሪያ ቃሉን ጠበቀ። የቫኗን ቁልፍ ሲሰጠኝ የመጀመሪያው ጭነት ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ አንድ ሽማግሌና አንድ ሻንጣ አልኩት። ፊቱን አጨማደደ፣ ግን እጁን ወደ በሩ ወዘወዘልኝ።

ወደ አድ ሃሎም ባቡር ጣቢያ ስንሄድ አያ ዋሴ በጎን ወንበር ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው ዝም አሉ። ሙሉውን መንገድ። ታጠፊ የለ፣ ቁሚ የለ። መንገዱን ራሴ ነዳሁት። ጣቢያው በር ላይ ሰው ማውረጃ ብቻ ነው፣ መቆም አይፈቀድም። ሻንጣቸውን አወረድኩላቸውና ተሳሳምን። ተመልሼ መሪው ላይ ስቀመጥ በመስኮቱ ጎንበስ አሉ። ከኋላዬ መኪና ተሰልፏል፤ የበሩ ዘበኛ ፊሽካውን እየነፋ፣ በዕብራይስጥ ሂጂ፣ ሂጂ ከዚህ እያለ ይመጣል። እሳቸው ግን ጀምረዋል።

«ያንን ዘበኛ ሳትሰድቢ፣ ከኋላሽ ያለው ሰውዬ ክላክሱን ስላስጮኸ ብቻ ሳትደነግጪ፣ እኔንም ዞረሽ ሳታዪ፣ ፍሬቻሽን አሳይተሽ፣ ስፖኪዮሽን አይተሽ፣ እናትሽ ዛሬ ማታ የምትጀምረውን ወሬ እስከ መጨረሻው እንደምትሰሚ ለራስሽ ቃል ገብተሽ፣ እኔም እዚያ ሰሜን ከልጄ ደጃፍ ቁጭ ብዬ፣ አሽዶድ ውስጥ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ የምትጠብቅ አንዲት ችኩል ልጅ አለችኝ እያልኩ ለመጣው ለሄደው ሁሉ እንድኩራራ አድርገሽ…»

ዘበኛው ኮፈኑን በመዳፉ መታው። ከኋላ ያለው ክላክስ አንዱ ሦስት ሆነ። እጄ ማርሹ ላይ ነው። ጠበቅሁ።

«…ንጂ» አሉ።

ነዳሁ።